የአብራሪ ልጅ ምን ይውረስ?

በ1928 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ የቤተሰባቸውን ስም ተሸክመው የሚበሩ ሰዎች ነበሩ። የሙሶሊኒ ሁለት ወንዶች ልጆች፣ ጦርነቱ ሲጀመር 19 ዓመት የሞላው ቪቶርዮና ገና 17 ዓመቱ የነበረው ብሩኖ፣ ከእኅታቸው ባል ከጋሌአሶ ቻኖ ጋር በቦምብ ጣይ አውሮፕላን ዘምተውብናል። ቪቶርዮ ከዘመቻው ተመልሶ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ቦምቡ ከታች ባሉት ሰዎች ላይ ሲፈነዳ ማየቱን በደስታ ተርኮታል። በዚያው ሰማይ፣ በዚያው ወራት፣ ስዊድናዊው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን የቀይ መስቀል አውሮፕላን እያበረረ የእኛን ቁስለኞች ያመላልስ ነበር። የእሱም ቤት ከአውሮፕላን ጋር የተሳሰረ ቤት ነው። አባቱ ኤሪክ ፎን ሮዘን እ.ኤ.አ. በ1918 ለፊንላንድ አውሮፕላን በስጦታ የሰጠ ባላባት ሲሆን፣ የፊንላንድ አየር ኃይል ልደቱን የሚቆጥረው ከዚያች አውሮፕላን ነው። ያው አባት ግን በኋላ ከስዊድን ናዚዎች ጋር ወገነ። የካርል ጉስታፍ አክስትም የሄርማን ጎሪንግ ሚስት ነበረች። በእኛ በኩል ደግሞ ሚሽካ ባቢቼፍ ነበሩ፤ አባታቸው በምኒልክ ዘመን መጥተው እዚሁ የቀሩና እስከ ፊታውራሪነት የደረሱ ሩሲያዊ የጦር ሰው፣ እናታቸው ኢትዮጵያዊት። ከአስፋው አሊ ጋር ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች አንዱ ናቸው። ከአሜሪካ የመጣው ጥቁሩ አብራሪ ጆን ሮቢንሰን ግን ከማንም አልወረሰም፤ ሙያውን በራሱ ጥረት፣ በዘር አድልዎ ውስጥ እየታገለ ነው ያገኘው።

ዘር ከልጓም ይስባል ይባላል። የእነዚህ ሰዎች ታሪክ ግን ይህን አባባል ለሁለት ይከፍለዋል። የሙሶሊኒ ልጆች የአባታቸውን መንገድ ተከትለው ሄዱ፤ ፎን ሮዘን ከአባቱ አውሮፕላኑን ወርሶ ፖለቲካውን ተወለት። እኔ እንደማምነው በወታደርና በአብራሪ ቤተሰብ ውስጥ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፈው ደም ወይም ጀግንነት አይደለም። የሚተላለፈው የሥራ ልማድ፣ የግዴታ ስሜትና የተሠራው ሥራ መዝገብ ነው። ሦስቱም በቤት ውስጥ ብቻ አይኖሩም፤ መንግሥት ሲለወጥ የማይፈርስ ተቋም ይፈልጋሉ። እኛ ይህን ውርስ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ደጋግመን ቆርጠነዋል። አሁን መጠገን አለበት፤ የሚጠገነው ግን የአብራሪን ልጅ በአባቱ ወንበር ላይ በማስቀመጥ አይደለም።

ውርሱ ምን እንደሚመስል ለማየት የአንድ አብራሪ የበረራ መዝገብ መግለጥ ይበቃል። ጠንካራ ሽፋን ያለው፣ በወርድ የሚገለጥ ደብተር ነው። እያንዳንዱ መስመር አንድ በረራ ነው፤ ቀኑ፣ የአውሮፕላኑ ዓይነትና ቁጥር፣ አብሮ የበረረው ሰው ስም፣ የተነሣበትና ያረፈበት ቦታ፣ በአየር ላይ የቆየበት ሰዓት በቀንና በሌሊት ተለይቶ፣ በስተመጨረሻም ለአስተያየት የተተወች ጠባብ ዓምድ። ገጹ ሲሞላ ሰዓቱ ይደመርና ወደሚቀጥለው ገጽ ይዛወራል። ፉከራ የለበትም፤ አብራሪው ራሱን የሚያወድስበት ቦታ በደብተሩ ላይ አልተተወም። ከዚህ ጋር አብሮ የሚሄድ ልማድ አለ። አብራሪ ከመነሣቱ በፊት አውሮፕላኑን በእግሩ ይዞራል፤ ጎማውን፣ የፍሬኑን ቱቦ፣ የክንፉን ጠርዝ፣ የፍጥነት መለኪያው ቱቦ ሽፋን መነሣቱን ያያል፣ በእጁም ይነካል፤ በትናንሽ አውሮፕላኖች ላይ ነዳጁ ውኃ ገብቶበት እንደሆነ ጥቂት ቀድቶ ይመለከታል። ቴክኒሻኑ አይቶታል ብሎ አይተውም፤ ቴክኒሻኑም አብራሪው ያየዋል ብሎ አይተውም። በካምፕ ያደገ ልጅ ይህን ሳያስበው ይማረዋል። ሰዓት ማክበር፣ የሠሩትን መጻፍ፣ ስህተትን ሳይደብቁ ለበላይ መናገር በቤት ውስጥ እንደ ተራ ነገር ሲታይ ያደገ ወጣት፣ ወደ ሥልጠና ሲገባ ሌላው በዓመት የሚለምደውን ቀድሞ ይዞ ይገባል። ይህ ለአገር ሀብት ነው፤ ከውጭ በገንዘብ ተገዝቶ አይመጣም።

አገራችን ይህን ሀብት እንዴት እንደያዘችው ለማሳየት ከአየር ኃይል ውጭ ያለ አንድ ቤተሰብ ላንሣ፤ ነገሩ በዚህ ቤት ላይ እንደታየው ጎልቶ የትም አልታየምና። ፊታውራሪ ዳምጠው ከተማ በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ወደቁ። ልጃቸው ራስ ደስታ ዳምጠው በደቡብ ግንባር ጣሊያንን ሲወጉ ቆይተው የካቲት 17 ቀን 1929 ዓ.ም. ተማርከው ተረሸኑ። የራስ ደስታ ልጅ ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ የባሕር ኃይሉ ምክትል አዛዥ ሆኑ፤ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ያለ ፍርድ ከረሸናቸው 60 ያህል ሰዎች አንዱ ናቸው። አያት በጠላት ጥይት፣ አባት በጠላት ጥይት፣ የልጅ ልጅ በራሱ አገር መንግሥት ጥይት። እናታቸው ልዕልት ተናኘወርቅና እኅቶቻቸው ደግሞ እስከ 1980 ዓ.ም. በእስር ቤት ቆዩ። የዘውዱ ሥርዓት ተጠያቂነት የለበትም እያልኩ አይደለም፤ ብዙ የሚጠየቅበት ነገር ነበረ። ግን ለመጠየቅ ፍርድ ቤት አለ። ያለ ፍርድ የተገደለ መኮንን ቤተሰብ ለቀጣዩ ትውልድ የሚያወርሰው አንድ ትምህርት ብቻ ነው፦ ከመንግሥት ሥራ ራቁ።

አየር ኃይሉም ከዚህ አላመለጠም፤ መጀመሪያ ግን ውርሱ እንዴት እንደተገነባ እንይ። ከነጻነት በኋላ ሮቢንሰን በ1936 ዓ.ም. ተመልሶ መጥቶ ወጣቶችን ማሠልጠን ጀመረ፤ በ1946 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በደረሰበት የአውሮፕላን አደጋ ሕይወቱ አለፈ። ፎን ሮዘን ከ1938 ዓ.ም. ጀምሮ ለ10 ዓመት ያህል የንጉሠ ነገሥቱን አየር ኃይል መራ፤ ቢሾፍቱ ላይ የስዊድን ሳብ አውሮፕላኖች ገቡ። በ1950ዎቹ አሜሪካውያን መጡ፤ ኤፍ-86፣ ቀጥሎም ኤፍ-5። በ1969 እና 1970 ዓ.ም. ደግሞ ሶቪየቶች ሚግ ይዘው ደረሱ። አንድ ሰው በአንድ ዕድሜው በስዊድን፣ በአሜሪካና በሶቪየት ትምህርት አለፈ ማለት ነው። መሣሪያው፣ የመለኪያው አሃድ፣ የመመሪያው ቋንቋ እየተቀያየረ ሙያው ግን አልተቋረጠም፤ ምክንያቱም በቢሾፍቱው የአየር ኃይል ሠፈር በሐረር ሜዳ ታላቁ ታናሹን እያስተማረ ስለቀጠለ ነው። ፍሬው በሶማሊያ ጦርነት ታየ። የዚያድ ባሬ አየር ኃይል በተዋጊ አውሮፕላን ብዛት ይበልጠን ነበር፤ በአሜሪካና በሐረር ሜዳ የሠለጠኑት የኤፍ-5 አብራሪዎች ግን የሰማዩን የበላይነት በጥቂት ሳምንታት ወሰዱት። ከእነርሱ አንዱ፣ በኋላ ብርጋዴር ጄኔራል የሆኑት ለገሠ ተፈራ፣ ብዙ የጠላት አውሮፕላን ከጣሉ በኋላ ከምድር በተተኮሰ መሣሪያ ተመትተው ተማረኩ፤ ከ10 ዓመት በላይ በሶማሊያ እስር ቤት ማቅቀው በምርኮኛ ልውውጥ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ፎን ሮዘንም በዚያው ጦርነት ወቅት፣ በ60ዎቹ ዕድሜው እርዳታ እያመላለሰ ሳለ፣ ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. ጎዴ ላይ በደረሰ ጥቃት ተገደለ።

ከዚያ በኋላ ያለው የመቆረጥ ታሪክ ነው። በግንቦት 8 ቀን 1981 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ የአየር ኃይሉ አዛዥ ሜጀር ጄኔራል አምሃ ደስታ ሞቱ፤ ከእርሳቸው በፊት አዛዥ የነበሩት ጄኔራል ፋንታ በላይ በእስር ላይ ሳሉ ተገደሉ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ ሠራዊቱ በሙሉ ፈረሰ። አንዳንድ አብራሪዎች አውሮፕላናቸውን ይዘው ወደ ጎረቤት አገር ወጡ፤ ሌሎች ታሰሩ፤ ሌሎች በየቤታቸው ተቀመጡ። ለቀድሞው መንግሥት ማገልገል ለአገር ማገልገል መሆኑ ቀረና እንደ ጥፋት ተቆጠረ። በዚያን ጊዜ በቢሾፍቱ ካምፕ ያደገ ልጅ የአባቱን የደንብ ልብስ ፎቶግራፍ ከግድግዳ ሲያወርዱ አይቶ ይሆናል እንጂ፣ አባቱ ስላበረረው አውሮፕላን በኩራት ሲያወራ የመስማት ዕድል አልነበረውም። ሰባት ዓመት ሳይሞላ ከኤርትራ ጋር ጦርነት መጣ፤ የቀድሞዎቹ አብራሪዎችም ተፈለጉ። ኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስ በደርግ ዘመን ኤርትራ ውስጥ ተመትተው ወድቀው ለዓመታት በሻዕቢያ እጅ የታሰሩ ሰው ናቸው። ያ ሁሉ አልፎ በአዲሱ አየር ኃይል እንደገና በረሩ፤ በግንቦት 1990 ዓ.ም. መጨረሻ አስመራ ላይ እንደገና ተመትተው በሕይወት ተያዙ። ከዚያ ወዲህ ዕጣቸው በይፋ አልተነገረም። የእኚህ ሰው ሕይወት ለምከራከርበት ነገር ትልቁ ማስረጃ ነው። ሰንደቅ ዓላማው ላይ ያለው ምልክት ተቀያይሯል፤ እርሳቸው የበረሩላት አገር ግን አንዲት ናት። መንግሥታት በአገርና በሥርዓት መካከል ያለውን ልዩነት ባያዩም አብራሪው አይቶታል።

እዚህ ላይ የሚነሣው የመጀመሪያው ተቃውሞ ከባድ ነውና በቀላሉ ማለፍ አይገባም። የቤተሰብ የውትድርና ወግ ማለት በሌላ ስም የወታደር መደብ መፍጠር አይደለምን? የራሳችን ታሪክ ለዚህ ስጋት በቂ ምክንያት ይሰጣል። በቀድሞው ሥርዓት ውትድርና ከመሬት ጋር የተቆራኘ ነበር፤ ወታደሩ በደመወዝ ፋንታ ማደሪያ ይሰጠዋል፣ ልጁ በአባቱ ተተክቶ ሲያገለግል መሬቱ ይረጋለታል፣ የዚህን ሁሉ ወጪ የሚሸከመው ግን ገባሩ ነው። በፉከራ ላይ የሚጠራው የአባትና የአያት ስም ያማረውን ያህል፣ ስም የማይጠራለት ገበሬ ከኋላው ነበረ። በዛሬይቱ አሜሪካም ይኸው ጥያቄ እየተነሣ ነው፤ የጦር ኃይሉ ራሱ ባወጣው መረጃ ከ10 አዲስ ምልምሎች ወደ 8 የሚጠጉት ያገለገለ ዘመድ ያላቸው ናቸው፣ ከሩብ በላይ የሚሆኑት ደግሞ አባት ወይም እናታቸው ወታደር ነበሩ። ጥቂት ቤተሰቦች ሸክሙን ሁሉ ሲሸከሙ ሌላው ሕዝብ ጦርነትን በቴሌቪዥን ብቻ የሚያውቀው ይሆናል፤ ያኔ ጦርነት መጀመር ይቀላል። ተቃውሞው ትክክል ነው። ከእሱ የሚከተለው መደምደሚያ ግን ውርሱን ማጥፋት ሳይሆን በሩን ክፍት ማድረግ ነው። ዘመናዊው አየር ኃይል ከማደሪያው ሥርዓት የተለየው በዚሁ ነው፤ የዓይን ምርመራና የሒሳብ ፈተና የአባትን ስም አይጠይቁም፣ እንዲጠይቁም መፍቀድ የለብንም።

የውርስን ትርጉም በትክክል የተረዳ ሰው መብቱን እንጂ ግዴታውን እንደማይጥል የሚያሳይ ምሳሌ ከአሜሪካ ባሕር ኃይል አለ። ጆን ማኬይን አያቱም አባቱም አድሚራል ነበሩ፤ አያቱ የበረራ ፈቃድ ያገኙት ከ50 ዓመታቸው በኋላ ነው። እሱ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1967 ሃኖይ ላይ ተመትቶ ተማረከ። በዓመቱ አባቱ የፓስፊክ ጦር ሁሉ አዛዥ ሲሆኑ ቬትናሞች ቀድመው ሊፈቱት ጠየቁት። ከእሱ በፊት የተያዙት ሳይፈቱ አልወጣም አለ፤ እ.ኤ.አ. እስከ 1973 ድረስም በእስርና በሥቃይ ቆየ። የአባቱ ስም በር ሊከፍትለት ሲል በሩን የዘጋው ራሱ ነው። ስለ ማኬይን የኋላ ፖለቲካም ሆነ ስለ ቬትናም ጦርነት ፍትሐዊነት አንባቢ የፈለገውን ሊያስብ ይችላል፤ በዚህ አንድ ውሳኔ ላይ ግን የወታደር ቤት ውርስ ሊሆን የሚገባውን እናያለን።

ከእሱ ይልቅ ለእኛ የሚቀርበው የዴቪስ ቤተሰብ ነው። ቤንጃሚን ዴቪስ ሲኒየር እ.ኤ.አ. በ1940 በአሜሪካ ጦር የመጀመሪያው ጥቁር ጄኔራል ሆነ። ልጁ ቤንጃሚን ዴቪስ ጁኒየር ዌስት ፖይንት ሲገባ ነጮቹ እጩ መኮንኖች አራት ዓመት ሙሉ ከሥራ ጉዳይ በቀር አንዲት ቃል አላነጋገሩትም፤ ብቻውን ተኛ፣ ብቻውን በላ። እ.ኤ.አ. በ1936 ከመመረቁ በፊት አብራሪ መሆን ሲጠይቅ ለጥቁር የሚሆን የአየር ክፍል የለም ተብሎ ተመለሰ። ይሄኔ ነው የኢትዮጵያ ታሪክ የሚገናኘው፤ ሮቢንሰን በተማረበት በታስኪጊ ለጥቁሮች የበረራ ትምህርት እንዲከፈት ቀድሞ የወተወተ ሰው ነበር፤ ከኢትዮጵያ ዘመቻ ሲመለስ ያገኘው ዝናም ጥቁር ሰው ተዋጊ አብራሪ ሊሆን እንደሚችል ለብዙዎች አረጋገጠ። ዴቪስ ጁኒየር እ.ኤ.አ. በ1942 ታስኪጊ ላይ ከተመረቁት የመጀመሪያዎቹ አምስት አብራሪዎች አንዱ ሆነ፣ ክፍሎቹን እየመራ በአውሮፓ ሰማይ ተዋጋ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 የአየር ኃይሉ የመጀመሪያ ጥቁር ጄኔራል ሆነ። ከአባቱ የወረሰው ምን ነበር? ወንበር አይደለም፤ አባቱ ራሱ ዕድሜውን ሙሉ ነጭ ወታደሮችን እንዳያዝ ተብሎ ከቦታ ቦታ ሲገፋ የኖረ ሰው ነው። የወረሰው ተገፍቶም ሥራን ሳያጓድሉ መቆየትን ነው። የሮቢንሰን ውርስ ደግሞ በደም ያልሆነ ውርስ ነው። አባት የሌለው ሙያ በአንድ ትውልድ ውስጥ አባት ሊያገኝ እንደሚችል ያሳያል፤ ስለዚህ የአብራሪ ቤተሰብን ማክበር የገበሬውን ልጅ ከደጅ ማስቀረት ማለት አይሆንም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከመጀመሪያውም የከፋ ነው፤ ከአውሮፕላን የሚወርደው ቦምብ ነው። ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. የሐውዜን ገበያ በአየር ተደብድቧል፤ እህልና ከብት ይዘው የወጡ እጅግ ብዙ ሰላማዊ ሰዎች አልቀዋል። ድብደባውን የፈጸመው የእኛው አየር ኃይል ነው። እንግዲህ የአብራሪ ቤተሰብ ወግ ይከበር የሚል ሰው የሐውዜንን ቤተሰብ ምን ብሎ ያያል? የምመልሰው ይህን ነው። ሰማዕታትን ብቻ የሚቆጥር፣ ገበያውን የሚዘል ታሪክ ለአብራሪው ልጅም አይጠቅምም፤ የቪቶርዮ ሙሶሊኒን መጽሐፍ በአማርኛ መድገም ነው የሚሆነው። የበረራ መዝገብን አስፈላጊ ያደረገውም ይኸው ነው። ስምሪቱን ማን አዘዘ፣ የት ተበረረ፣ በምን ሰዓት፣ በምን መሣሪያ የሚለው የሚታወቀው ወረቀቱ ካለ ብቻ ነው። ወረቀቱ ሲጠፋ የሚጠቀመው ያዘዘው ባለሥልጣን ነው፤ ያልበረረው ከበረረው ጋር ይታማል፣ የበረረውም አይጠየቅም፣ የሞተው ዘመድ ደግሞ እውነቱን ሳያውቅ ይኖራል። ጎዴና ጅግጅጋ ላይ የተሠራውን ሥራ ሐውዜን ላይ ከተሠራው ለይቶ ለልጁ መናገር የሚችል አባት እንዲኖር ከፈለግን፣ መዝገቡን ሙሉ አድርገን መያዝ አለብን። ባለፉት ዓመታት በደረሰው ጦርነትም ይኸው መመዘኛ ለሁሉም ወገን ይሠራል።

ሦስተኛው ጥያቄ ስለ ልጁ ራሱ ነው፤ ውርስ ሸክም የሚሆንበት ጊዜ አለ። በእስራኤል ያሉ ወገኖቻችን የኢላን ራሞንን ታሪክ በቅርብ ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1981 የኢራቅን የኑክሌር ማብላያ ከመቱት አብራሪዎች በዕድሜ ትንሹ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ኮሎምቢያ የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር ስትበታተን ሞተ። የመጀመሪያ ልጁ አሳፍ የአባቱን ፈለግ ተከትሎ ከበረራ ትምህርት ቤት በማዕረግ ተመረቀ፤ በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 2009፣ ኤፍ-16 ይዞ ሲለማመድ ተከስክሶ ሞተ። እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ወግን ማወደስ ይከብዳል። ልብ ልንለው የሚገባው ግን በዚያች አገር የቅርብ ዘመዱን በአገልግሎት ላይ ያጣ ወጣት ወደ ተዋጊ ክፍል ለመግባት የወላጁ ፊርማ የሚያስፈልገው መሆኑን ነው። አሜሪካውያንም አምስቱ የሱሊቫን ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1942 በአንዲት መርከብ ላይ አብረው ካለቁ በኋላ ብቻውን የቀረ ልጅ ከአደጋ የሚጠበቅበትን ደንብ አወጡ። የቤተሰብን ውርስ በቁም ነገር የሚይዝ ሠራዊት፣ ቤተሰብ ምን ያህል ሊከፍል እንደሚችል ገደብ ያበጅለታል። ለእኛም ይህ ደንብ ያስፈልገናል፤ ሦስት ወንድማማቾች ለአንድ ግንባር የሰጡ እናቶች ባሉበት አገር ይህን መጠየቅ ቅንጦት አይደለም። ደግሞም ውርሱ የወንድ ልጅ ብቻ ተደርጎ መቆጠሩ ይብቃ። ሙሉእመቤት እምሩ ከጣሊያን ወረራ በፊት የበረራ ትምህርት የጀመሩ ሴት ናቸው፤ ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2010 ካፒቴን አምሳለ ጓሉ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን እስኪሆኑ ድረስ የፈጀው ጊዜ ስንት የአብራሪ ሴት ልጆች ያባታቸውን መዝገብ እያዩ እንደቀሩ ይናገራል።

ድሃ አገር ለዚህ ጊዜና ገንዘብ የላትም የሚሉም አሉ፤ ሰው አልባ አውሮፕላን በመጣበት ዘመን የአብራሪ ወግ ያለፈበት ነው የሚሉም እንዲሁ። ለሁለተኛዎቹ መልሱ አጭር ነው፤ ድሮን ከሩቅ የሚያበርም ሰው የታዘዘውን፣ ያየውንና የመታውን መመዝገብ አለበት፤ ከአብራሪው ይልቅ ለእሱ ይበልጥ ያስፈልገዋል፣ ምክንያቱም እሱ ከበረራው ሲመለስ የሚያየው የተበሳሳ ክንፍ የለም። ለመጀመሪያዎቹ ደግሞ ኮሪያን አነሣለሁ። ንጉሠ ነገሥቱ ከ6 ሺህ በላይ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ወደ ኮሪያ ጦርነት ልከው ነበር። ዛሬ ደቡብ ኮሪያ የእነዚያን ዘማቾች ልጆችና የልጅ ልጆች እየፈለገች ታስተምራለች። የባዕድ አገር የልጅ ልጆቻችንን በአያቶቻቸው ስም ሲፈልግ፣ እኛ የራሳችንን ዘማች ቤተሰብ በሥርዓቱ ስም እየለየን መተዋችን ሊያንገበግበን ይገባል። ኮሪያውያን የኢትዮጵያን ዘማች ሲፈልጉ ንጉሡን ይወድ ነበር ወይስ አይወድም ብለው አይጠይቁም።

ምን ይደረግ ለሚለው ከባዱ ነገር ገንዘብ ሳይሆን ፈቃደኝነት ነው። አየር ኃይሉ በቅርብ ዓመታት በበዓላቱ ላይ የቀድሞ አባላቱን መጋበዝ መጀመሩ መልካም ነው፤ በዓል ግን ማኅደር አይሆንም። በየትኛውም መንግሥት ዘመን ያገለገለ የአየር ኃይል አባል፣ አብራሪም ይሁን የምድር ቴክኒሻን፣ ቤተሰቡ ሲጠይቅ የአገልግሎት ማኅደሩን ቅጂ ማግኘት አለበት፤ መቼ ገባ፣ የት ሠለጠነ፣ በምን ላይ ሠራ፣ ከሞተ የት ሞተ። የተማረኩና ደብዛቸው የጠፋ ሰዎች፣ ከኮሎኔል በዛብህ ጀምሮ፣ ከጎረቤት ጋር በሚደረግ ማንኛውም ንግግር በስም መጠየቅ አለባቸው። በመግቢያ ፈተናው ላይ የአመልካቹ የአባት ስም ለፈታኙ እንዳይታይ ማድረግ ደግሞ በአንድ መመሪያ የሚያልቅ ነገር ነው። ከሁሉም የሚያስቸኩለው የሰዎቹ ቃል ነው። በኤፍ-86 ላይ የሠለጠኑት ዛሬ በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ ቢሾፍቱና አዲስ አበባ ያሉ አሉ፣ ወደ አሜሪካና አውሮፓ የተበተኑም አሉ። ሠራዊቱ አንድ የታሪክ ቡድን አደራጅቶ በመቅረጫ ቃላቸውን መቀበል ቢፈልግ መጀመር ያለበት ከቴክኒሻኖቹ ነው፤ የአብራሪዎቹ ስም በሜዳልያ ላይ ተጽፎ ይገኛል፣ በየሌሊቱ ሞተር ፈትተው የገጠሙት ግን በየትም ወረቀት ላይ የሉም።